የአሜሪካ ወንድ ነርሶች ማኅበር፦ ለሐበሻ ተማሪ አባልነቱ ያዋጣል?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በዳላስ ሌሊት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው እየሠሩ ቀን አርኤን (ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ) ለመሆን የሚያስቡ ሐበሻ ወንዶች ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የነርሲንግ ትምህርት ቤት መፈለግ ሲጀምር አሜሪካን አሶሲዬሽን ፎር ሜን ኢን ነርሲንግ የሚባለውን ማኅበር ስም ማግኘቱ አይቀርም። እዚህ የምንገመግመው ማኅበሩን እንደ አገልግሎት ነው፦ ተማሪው ገንዘብና ጊዜ ሰጥቶ ምን ያገኛል? ወንዶችን ወደ ትምህርቱ ለመሳብና እስከ ምርቃት ለማቆየት የሚሠራው ሥራ ለእኛ ሰው ይጠቅማል ወይ? መልሳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ትምህርት ቤት ለመመዘንና ከገቡ በኋላ አማካሪ ለማግኘት በጣም ይጠቅማል። በሩን ለማስከፈት ግን ብዙም አይረዳም፤ የሐበሻው ትልቁ ችግር ደግሞ በሩ ላይ ነው።

ማኅበሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ሚሺጋን ውስጥ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1974 ሉተር ክሪስትማን ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ አገር አቀፍነት ወሰደው፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1981 ነው። ክሪስትማን በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ዲን በመሆን በአገሩ የመጀመሪያው ወንድ ነው። አባልነቱ ለሴቶችም ክፍት ነው፤ ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ምክንያቱም የወንዱን ተማሪ ዕጣ የሚወስኑት ዲኖችና ኢንስትራክተሮች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አባል የሚያገኘው ዓመታዊ ጉባኤ፣ በውድድር የሚሰጥ ስኮላርሺፕ፣ በየኮሌጁ የሚቋቋሙ ቅርንጫፎችና በእነሱ በኩል የሚገኝ የምክር ግንኙነት ነው። ለትምህርት ቤቶች ደግሞ ወንዶችን በመመልመልና በማቆየት ለሚያሳዩት ሥራ የሚሸለሙበት እውቅና አለው።

በምልመላው እንጀምር። በዚህ ዘርፍ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ሥራ የማኅበሩ ሳይሆን በ2002 የኦሪገን ነርሲንግ ማዕከል ያሠራጨው ፖስተር ነው። ወንድ ነርሶችን በስፖርተኛነትና በጀብደኛነት አቋም አሰልፎ «ነርስ ለመሆን ወንድነቱ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ማኅበሩም በበኩሉ በ2020 የወንዶች ድርሻ በነርሲንግ 20 በመቶ እንዲደርስ ግብ አስቀምጦ ዘመቻ አካሂዷል። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ጥናት መሠረት የወንድ አርኤኖች ድርሻ በ1970 2.7 በመቶ ነበር፤ በ2011 9.6 በመቶ ደረሰ። 2020 ሲመጣም ገና 10 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። ዕድገቱ እውነተኛ ነው፤ ግቡ ግን ሳይደረስበት ቀረ።

እንደኛ አስተያየት ምክንያቱ የመልእክቱ አነጣጠር ነው። ፖስተሩም ዘመቻውም የሚያክሙት «ነርስነት የሴት ሥራ ነው» የሚለውን እፍረት ነው። ኢትዮጵያ ያደገ ወንድ ይህ እፍረት ያን ያህል የለበትም። ጤና ጣቢያ ገብቶ መርፌ የወጋው፣ ቁስሉን ያጠበለት፣ እናቱን ያዋለደው ወንድ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ በውጤትና በምርጫ ሲመደብ ነርሲንግ የደረሰው የክፍል ጓደኛም አይጠፋውም። እዚህ አገር የሚያስቀረው ሌላ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ የልጆች መዋያ፣ ሠኞ ጠዋት ክሊኒካል (የሆስፒታል የተግባር ትምህርት) እያለ እሑድ ሌሊት የተመደበ ሽፍት። ለዚህ ሰው ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ነርስ ፎቶ ምንም አይነግረውም። የማታና የቅዳሜ እሑድ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ዝርዝር ቢሰጠው ግን በማግስቱ ያመለክታል።

ችግሩ የሐበሻ ብቻ አይደለም። የወንድ ነርስ ተማሪን መብት ያስከበረው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳይ ራሱ ከዚህ የተነሳ ነው። ጆ ሆጋን በኮሎምበስ፣ ሚሲሲፒ እየሠራ ያለ ነርስ ነበር፤ ባችለር ዲግሪ አልነበረውም። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለው የመንግሥት የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በ1979 ማመልከቻውን ወንድ ስለሆነ ብቻ መለሰበት፤ ክፍል ገብተህ መስማት ትችላለህ፣ ክሬዲት ግን የለህም አለው። ወንድ የሚቀበሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጃክሰንና ሃቲስበርግ ስለነበሩ ዲግሪውን የሚፈልግ ከሆነ ሥራውንና ከተማውን መልቀቅ ነበረበት። በሐምሌ 1982 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደለት። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ ወንዶችን መከልከል ነርሲንግ የሴት ሥራ ነው የሚለውን አመለካከት ያጸናል ብለዋል። ሕጉ ተከፈተ፤ ርቀቱ፣ ሰዓቱና ደመወዙ ግን ዛሬም የሚሠራ ሰው ከበር የሚመልሱ ነገሮች ናቸው። ማኅበሩ ከዘመቻው ግማሹን ጉልበት እዚህ ላይ ቢያውለው እንወድ ነበር።

አሁን ወደሚመሰገንበት እንሂድ። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው እውቅና ትምህርት ቤቱን ስለ ወንድ ተማሪዎቹ ቁጥር እንዲያወጣና ሥራውን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ከ2004 ወዲህም ፕሮግራሞች ለወንድ ተማሪ ምን ያህል እንደሚመቹ የሚለካ መጠይቅ በሙያው ውስጥ አለ። እነዚህ ነገሮች አመልካቹ ኦፕን ሀውስ (ትምህርት ቤቱ ለአመልካቾች በሩን የሚከፍትበት ቀን) ላይ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያስተምሩታል። የማኅበሩ ሽልማት የሌለው ትምህርት ቤት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ለማመልከት የሰው ኃይል የለውም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ወንድ እንደገባ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በፊት ከገቡት ወንዶች ስንቱ በጊዜው እንደጨረሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የኮሌጁ አጠቃላይ የወንድ ድርሻ ነው፤ ያ ስለ ነርሲንጉ ምንም አይናገርም። ቀጥሎ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ሙከራ የማለፊያ መጠን ነው፤ ይህን የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ በድረ ገጹ ያወጣል። ግን ብቻውን አትመኑት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ግማሹን ተማሪ የሚጥል ፕሮግራም የቀሩትን ብርቱዎች ብቻ ለፈተና ስለሚልክ ቁጥሩ ያማረ ይሆናል። የማለፊያ መጠኑንና የጨራሾችን መጠን ጎን ለጎን ስታዩ ብቻ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከዚያ የውድቀት ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ማለፊያው 75 ነው 78? 74.6 ወደ ላይ ይጠጋል ወይስ አይጠጋም? አንድ ኮርስ ይደገማል? ሁለተኛ ሲወደቅ ከፕሮግራሙ ያስወጣል? የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ስንት ዕድል አለው? ወንድ ክሊኒካል ኢንስትራክተር አለ? በአንድ የክሊኒካል ቡድን ውስጥ ወንድ ብቻውን ይመደባል? ስምንት ወይም አሥር ተማሪ ባለበት ቡድን ውስጥ ሁለት ወንድ አብሮ መመደብ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም መዝጋቢው ካላሰበበት ሦስቱ ወንዶች በሦስት ሆስፒታል ተበትነው ይቀራሉ።

ማቆየት የሚባለው ነገር ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው፤ ማኅበሩም ብዙ የሚሠራውና በትክክል የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። የአሜሪካ ጦር ራሱ ወንድ ነርስን በመኮንንነት የተቀበለው በ1955 ኤድዋርድ ላየንን ሲሾም ነው። በ1981 ደግሞ አርካንሳስ ውስጥ አንድ ፌዴራል ዳኛ ሆስፒታል ወንድ ነርስን ከማዋለጃ ክፍል መከልከል ይችላል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ውሳኔው በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ተነሳ። ዛሬ እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚከለክል ትምህርት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የሚሆነው ዝም ብሎ ነው፦ ኢንስትራክተሯ ወደ ክፍሉ ገብታ «ወንድ ተማሪ ቢገባ ቅር ይልሻል?» ትላለች። ጥያቄው ራሱ እምቢታን ይጠራል። ልጁም ቀኑን ኮሪደር ላይ ቆሞ ይውላል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን ከሴቶቹ ጋር አንድ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ ከነርስሽ ጋር የነርሲንግ ተማሪ አለ፤ አብሮ ቢከታተልሽ ትፈቅጃለሽ?» እናቲቱ እምቢ የማለት መብቷ ሙሉ ነው፤ ያንን መጋፋት አይፈቀድም፣ ማባበልም አያስፈልግም። ጥሩ ትምህርት ቤት ግን እምቢ ስትል ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ጽፎ ይዟል። ተማሪው ወደ ጨቅላው ይዞራል፦ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ የአፕጋር ነጥብ (የጨቅላው ሁኔታ መለኪያ)፣ ጭኑ ላይ የሚሰጠው 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ፣ የዓይን ቅባቱ፣ የሙቀት ክትትሉ። ወይም ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ቀዶ ጥገና ወሊድ ይከታተላል፤ የጎደለውን ደግሞ በሲሙሌሽን ላብ (በሰው ቅርጽ አሻንጉሊት በሚለማመዱበት ክፍል) ያሟላል። ይህ በጽሑፍ ከሌለ የሚቀረው የኢንስትራክተሯ በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ዲግሪ መጣል አይቻልም።

ሌላው ብዙ ፕሮግራም ሳያስተምር የሚያልፈው አነካክ ነው። ሴት ተማሪ ሰውነት ስትነካ ማንም አይጠረጥርም ተብሎ ስለሚታሰብ ትምህርቱ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ወንዱ ደግሞ እየፈራ ይሠራል። የፈራ እጅ ደግሞ በቂ ምርመራ አያደርግም። ማኅበሩ ውስጥ ያሉ አንጋፋ ነርሶች የሚያካፍሉት ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም፤ በቅደም ተከተል መልመድ ብቻ ነው። ስምና ሥራ ይነገራል፣ ምን እንደሚደረግና ለምን እንደሚደረግ ይነገራል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ የሚታየው የሚመረመረው ቦታ ብቻ ሆኖ ሌላው ይሸፈናል፣ እጅ ከመንካቱ በፊት አፍ ይናገራል። ለጡት፣ ለብልት አካባቢና ለካቴተር (ለሽንት ቱቦ) ሁለተኛ ሰው ይጠራል፤ ይህ ለታካሚዋም ለተማሪውም ጥበቃ ነው፣ ማን አብሮ እንደነበረም ይመዘገባል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሲነሣ ጡትን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በእጅ ጀርባ ነው፣ በመዳፍ አይደለም።

ከወሊድ በኋላ ማኅፀን የሚዳሰሰውም እንዲሁ ደንብ አለው። መጀመሪያ ፊኛዋን ባዶ እንድታደርግ ትጠየቃለች፤ የሞላ ፊኛ ማኅፀኑን ወደ ላይና ወደ ጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ እንዳይኮማተርም ያደርጋል፣ ደምም ይበዛል። ከዚያ ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። አንዱ እጅ ከብልት አጥንት በላይ ታችኛውን የማኅፀን ክፍል ይደግፋል፣ ሌላው እምብርት አካባቢ የማኅፀኑን ላይኛ ጫፍ ይፈልጋል። ታችኛው እጅ ካልደገፈ ማኅፀኑ ወደ ታች ሊገለበጥ ይችላል፤ ወንዱ ተማሪ ፈርቶ በአንድ እጅ ለመጨረስ ሲቸኩል የሚሳሳተው እዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጫፉ እምብርት ደረጃ ላይ ይገኛል፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ይወርዳል። ይህን ከክሊኒካሉ በፊት በማኔኪን ላይ ደጋግሞ የሠራ ተማሪ ወደ ክፍሉ ሲገባ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ እናቶችም ያንን መረጋጋት አይተው ይፈቅዳሉ።

ከባድ ታካሚ ሲነሳም ወንድ ይፈለጋል። ከአራት ክፍል የሚጠራው እሱ ነው፤ የራሱን ታካሚ ጥሎ ይሄዳል፣ የራሱ ቻርት ይዘገያል፣ ኢንስትራክተሯም «ጊዜ አያያዝህ ደካማ ነው» ትለዋለች። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ በእጅ ታካሚ ለማንሳት ያስቀመጠው ወሰን 35 ፓውንድ፣ 16 ኪሎ ገደማ ነው፤ ወሰኑ ወንድ ሴት አይልም። ማንሻ መሣሪያ ይጠራ። ሲኤንኤ ሆኖ ለዓመታት ሲያነሳ የኖረ ሐበሻ በተለይ ይህን መልመድ አለበት፤ ወገቡ ከምርቃቱ በፊት እንዳያልቅ።

ቅርንጫፍ ያለበት ኮሌጅ የምትገቡ ከሆነ አባልነቱን በመጀመሪያው ሴሚስተር ግቡበት፤ ችግር ሲመጣ የሚጠራ ሰው ያኔ ይኖራችኋል። ቅርንጫፍ ከሌለ የተማሪ አባልነቱ ጥቅም ስኮላርሺፑን መወዳደርና ጉባኤውን መሳተፍ ነው፤ ጉባኤው ደግሞ ጉዞና ሆቴል ስላለው የኮሌጁ ተማሪ ማኅበር በጀት እንዲሸፍን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልንደብቅ አንፈልግም። ወንዶች በዚህ ሙያ ጥቂት ቢሆኑም በደመወዝ የተጎዱት እነሱ አይደሉም። በዚያው የቆጠራ ቢሮ ጥናት ሙሉ ሰዓት የሚሠሩ ሴት ነርሶች ወንዱ 1 ዶላር ሲያገኝ 91 ሳንቲም ያገኙ ነበር፤ ከነርስ አኔስቴቲስቶችም (ማደንዘዣ ከሚሰጡ ነርሶች) 41 በመቶው ወንዶች ነበሩ። ወንዶችን መደገፍ ይህን ልዩነት ማስፋት ከቶ የለበትም፤ ሴቶች አባላት በማኅበሩ ውስጥ መኖራቸውን የምንወደው ለዚህም ነው።

አሁን ማኅበሩ የማይሸፍነው በር። አብዛኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 1 እና 2፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይኮሎጂ አስቀድሞ ይጠይቃል። የሳይንስ ክሬዲቶች ብዙ ቦታ ከ5 እስከ 7 ዓመት ካለፋቸው አይቆጠሩም፤ አንድ ኮርስ በሴሚስተር እየወሰደ የሚሄድ ሠራተኛ የመጨረሻውን ሲጨርስ የመጀመሪያው ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂን ወደ ማመልከቻው አስጠግታችሁ ውሰዱ፣ እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂን አስቀድሙ።

ቲስ የሚባለው የመግቢያ ፈተና 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ነው፦ ንባብ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ፣ ሒሳብ 38 በ57፣ ሳይንስ 50 በ60፣ እንግሊዝኛ 37 በ37። ከጠቅላላው 20ው ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይታረሙም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይታወቅም። የእኛ ሰው ሒሳቡን ይወጣዋል፤ የሚቸግረው የእንግሊዝኛው ሰዓት ነው፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ብቻ። ደንቡን ከማጥናት ይልቅ በሰዓት የተገደበ ልምምድ ይሻላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልቶ ለፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) መወዳደር ይችላል። የምትሠሩበት ነርሲንግ ሆም ወይም ሆስፒታል የትምህርት ድጋፍ ካለው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከታክስ ነፃ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አብዛኛው ሲኤንኤ መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። የፌዴራሉ ነርስ ኮር ስኮላርሺፕም ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ክፍት ነው፤ በምትኩ ነርስ በሚያጥርበት ተቋም ቢያንስ ሁለት ዓመት ማገልገል ግዴታ ነው። ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ በሳምንት ከሁለት የ12 ሰዓት ሽፍት በላይ የሚሠራ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት ሲያልፍ ማየት ከባድ ነው። ሽፍቶቹን ዓርብና ቅዳሜ ላይ አድርጉ፤ ከክሊኒካል በፊት ያለውን ሌሊት በፍጹም አትሥሩ።

የመጨረሻው ነገር በኢትዮጵያ ነርሲንግ ተምረው የመጡትን ይመለከታል። ብዙዎቹ ከሲኤንኤ ተነስተው ትምህርቱን ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ለብዙዎቹ ደግሞ አያስፈልግም። መንገዱ በስቴቱ ቦርድ ተቀባይነት ባለው ድርጅት፣ ለምሳሌ አሁን ትሩሜሪት በሚባለው በቀድሞው ሲጂኤፍኤንኤስ፣ የትምህርት ማስረጃን ማስገምገም፣ ስቴቱ የሚጠይቀውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍና በቀጥታ ለኤንክሌክስ መቀመጥ ነው፤ ፈተናው ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሆኖ ጊዜው 5 ሰዓት ነው። ገምጋሚው የአዋቂ፣ የሕፃናት፣ የእናቶችና የአእምሮ ጤና ነርሲንግን ከንድፈ ሐሳብም ከተግባርም ይፈልጋል፤ የአእምሮ ጤናው የተግባር ሰዓት በትራንስክሪፕቱ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ ፋይሉ እዚያ ሊቆም ይችላል። ትራንስክሪፕቱ በእጃችሁ ቢኖርም አይቀበሉትም፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ መላክ አለበት። ስለዚህ አገር ቤት ውክልና ያለው ሰው አድርጉ፣ ከሬጅስትራሩ ጋር የሰዓት ዝርዝሩንም እንዲያስጽፍ ንገሩት፣ የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫውንም በዚያው ጉዞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።